ማዕበሉን ተዉትና ቤቱን ጠይቁ

ሱናሚ አንድ አገር በመታ ቁጥር ዜናው ሁለት ቁጥሮች ይዞ ይመጣል። ማዕበሉ ስንት ሜትር ከፍ አለ? ስንት ሰው ሞተ? ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ በዚህ አንከራከርም። በሁለቱ መካከል ግን ሁሌም የምትዘለል አንዲት ጥያቄ አለች። ውሃው ሲመጣ ሰዎቹ የነበሩበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነበር? ከምን ተሠራ? "ይሄ ይቆማል፣ ያኛው አይቆምም" ብሎ አስቀድሞ ያየላቸው ሰው ነበር ወይ? ዛሬ መነጋገር የፈለግነው ስለዚች ሦስተኛ ጥያቄ ነው።

"ባሕር የሌላት አገር ልጆች ሆናችሁ ስለ ሱናሚ ምን አገባችሁ?" የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አባቶቻችን "ጎረቤትህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ" ይላሉ። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት አጠገብ የተነሳው ማዕበል 5000 ኪሎ ሜትር ያህል የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጎረቤታችን ሶማሊያ ድረስ መጥቷል። ሐፉን የምትባለውን፣ በአሸዋማ ዝቅተኛ መሬት ላይ የተቀመጠችውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ መትቶ በሶማሊያ የባሕር ዳርቻ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ማዕበሉ እዚያ ለመድረስ 7 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ ለመግባት የሚበቃ ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ "ውሃ እየመጣ ነው" የሚል አንድ ሰው አልደረሰላቸውም።

በዚያ አደጋ በ14 አገሮች ከ220 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ዓለም ገንዘብ አዋጥቶ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቆመ። ጥሩ አደረገ። የማስጠንቀቂያ ደወል ግን "ሩጡ" ከማለት አያልፍም። የት እንደምንገባ የሚነግረን አስቀድሞ ሕንጻውን ያየው ሰው ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ማርች 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው ሱናሚ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ብቻ እናንሳ።

የመጀመሪያው በሴንዳይ ከተማ የሚገኘው አራሃማ ነው። ከባሕሩ 700 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በዙሪያው የነበረውን መንደር ውሃው ጠራርጎ ወስዶታል። ትምህርት ቤቱ ግን አራት ወለል ያለው (በእኛ አገር አጠራር ጂ ፕላስ ስሪ) የአርማታ ሕንጻ ነበር። ውሃው እስከ ሁለተኛው ወለል ወጥቶ እዚያ ቆመ። ተማሪዎች፣ መምህራንና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በድምሩ 320 ያህል ሰዎች፣ ወደ ላይ ወጥተው ተረፉ።

ሁለተኛው በኢሺኖማኪ ከተማ የነበረው ኦካዋ ነው። ከባሕሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በወንዝ ዳር የተሠራ ነበር። በአካባቢው የአደጋ ካርታ ላይ ሱናሚ ከሚያሰጋቸው ቦታዎች ውጪ ተደርጎ ተስሏል። ጭራሽ ነዋሪው አደጋ ሲመጣ የሚጠለልበት ቦታ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ሕንጻው ሁለት ወለል ብቻ ነው። መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው 50 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። ማዕበሉ በወንዙ በኩል ወጥቶ ሲመጣ ሕንጻውን እስከ ጣሪያው ዋጠው። ከ108ቱ ተማሪዎች 74ቱ፣ ከመምህራኑም 10 ሰዎች አለቁ።

ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ምን ይላል? "700 ሜትር ላይ ያለው ይጠፋል፣ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ይተርፋል" ይላል። የሆነው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ርቀት ብቻውን አያድንም። ሕንጻው ስንት ወለል አለው፣ ከምን ተሠራ፣ ከወንዝ ወይስ ከሜዳ ዳር ነው፣ ከላዩ መውጫ፣ ከጀርባው መሸሻ አለው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚወስኑት።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የ23 ልጆች ቤተሰቦች ከሰሱ። የሴንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ለእነሱ ፈረደ፤ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 ይግባኙን ውድቅ አድርጎ ውሳኔውን አጸና። የፍርዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤቱና የትምህርት ባለሥልጣናቱ ካርታው "ውሃ አይደርስም" ስላለ ብቻ ከኃላፊነት አይድኑም። ቦታውን ራሳቸው መመርመርና ልጆቹ የሚሸሹበትን አስቀድመው ማዘጋጀት ነበረባቸው። ይህን ውሳኔ አንባቢ ደግሞ ደጋግሞ እንዲያስብበት እንፈልጋለን። ሕንጻን አለመመርመር ጥፋት ነው ተብሎ ተፈርዷል።

ውሃ ቤትን እንዴት ይጥላል?

ውሃ ለስላሳ ነገር ይመስላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ግን አንድ ቶን ይመዝናል። ቆሞ ሲውል እንኳ ግድግዳ ይገፋል። ሲሮጥ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በላዩ ላይ መኪናው፣ ጀልባው፣ የፈረሰው ቤት ግንድና ጣውላ ይሳፈራል። ያኔ የሚመታው ውሃ ብቻ መሆኑ ይቀርና ሰፈሩ ራሱ ተነስቶ ሰፈሩን ይመታል።

ከ2011ዱ አደጋ በኋላ ጃፓኖች ከ250 ሺህ በላይ ሕንጻዎች ምን እንደደረሰባቸው አንድ በአንድ መዝግበዋል። ከዚያ ከወጣው ትምህርት አንዱ ይህ ነው፦ ውሃው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ሲል ከእንጨት የተሠሩ ቤቶች ተጠርገው የመሄድ ዕድላቸው በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። በዚያው ጥልቀት የአርማታ ሕንጻ ብዙውን ጊዜ ግድግዳውና መስኮቱ ይሄድና ኮለኑና ወለሉ ይቀራል።

"እንግዲያው ሁሉንም በአርማታ መሥራት ነው" ብሎ መደምደም ግን ይከብዳል። በኦናጋዋ ከተማ የአርማታ ሕንጻዎች ከነመሠረታቸው ተነቅለው በጎናቸው ተጋድመዋል። አንዲት ባለ ሁለት ወለል የፖሊስ ጣቢያ ከሥሯ የነበሩት ፓይሎች ተበጥሰው እንደወደቀች ለመታሰቢያ ተትታለች። ምክንያቱ ምንድን ነው? ውሃ የተዘጋን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ያነሳል። አየር የያዘ ዝግ ሕንጻ እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ከጎን ሲገፋ ይገለበጣል። ውሃው በማዕዘኖቹ ሥር እየቦረቦረ አፈሩን ሲወስድበት ደግሞ መሠረቱ ራሱ አየር ላይ ይቀራል።

የዚህ ተቃራኒ በኢንዶኔዥያዋ አቼ ታይቷል። በ2004 ላምፑክ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ሲሆን ራህማቱላህ መስጊድ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ብዙ ሰው ተአምር ነው ብሏል፤ እኛ የሰው እምነት ላይ አፋችንን አናነሳም። መሐንዲሶቹ የሚጨምሩልን ግን አለ። መስጊድ እንደ ወጉ ጠንካራ ምሰሶዎችና ክፍት የምድር ወለል ስላለው ውሃው በምሰሶዎቹ መካከል ያልፋል። ያላገደውን ነገር ውሃ አይገፋም። እንግዲህ ተአምሩ ቢያንስ በምሰሶ በኩል መጥቷል ማለት ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ሰው ሊቆጥረውና ሊደግመው የሚችል ነገር ነው።

ቤቱን ማየት

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከተበተነበት ተሰብስቦ ወደ አንድ ነጥብ ሊቀየር ይችላል ወይ? ይችላል። በ2003 ማሪያ ፓፓቶማና ዴል ዶሚኒ ሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች በግሪክ የባሕር ዳርቻ ላይ የሕንጻዎችን ተጋላጭነት የሚለካ ዘዴ አሳተሙ። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ዘዴው በማልዲቭስ ከደረሰው እውነተኛ ጉዳት ጋር ተመሳከረ። በ2009 ደግሞ ተሻሽሎ በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ተሞከረ።

ዘዴው ለጆሮ ከባድ ይመስላል እንጂ ሥራው በእግር መሄድና ማየት ነው። ባለሙያው ሰፈሩን እየዞረ ስለ እያንዳንዱ ቤት ይጠይቃል። ስንት ወለል አለው? ከእንጨት ነው፣ ከብሎኬት ነው ወይስ ከአርማታ? የምድር ወለሉ ውሃ የሚያሳልፍ ክፍት ነው ወይስ ድፍን ግድግዳ? መሠረቱ ጥልቅ ነው? ቅርጹ እንዴት ነው፣ ሰፊ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቷል ወይስ ጎኑን? በደንብ ተይዟል ወይስ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል? በአቅራቢያው ውሃ አንስቶ የሚወረውረው መኪናና ዕቃ አለ? ከዚያ ወደ ውጪ ይወጣል። ቤቱ ከባሕሩ ስንተኛ ረድፍ ላይ ነው? ከፊቱ የባሕር ግንብ፣ ዛፍ ወይም አጥር አለለት? በመጨረሻም ውሃው በታሰበው ማዕበል እዚያ ቦታ ምን ያህል ይጠልቃል?

መልሶቹ እንደየክብደታቸው ተደምረው ከ1 እስከ 5 የሚሄድ ነጥብ ይወጣል። የነጥቡ ሁለት ሦስተኛ ሕንጻው የመፍረስ ዕድሉን፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ባይፈርስ እንኳ በውሃ የሚበላሸውን ይመለከታል። ከዚያ ሰፈሩ በቀለም ካርታ ላይ ይቀመጣል። በቃ። ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሰው፣ ቅጽ፣ ጫማና ጊዜ ነው። ለዚህ ነው "አቅም የለንም" የሚለው መልስ እምብዛም የማያሳምነን። የባሕር ግንብ መገንባት አቅም ይጠይቃል፤ የትኛው ትምህርት ቤት ደካማ እንደሆነ ማወቅ ግን ከዚያ እጅግ ይረክሳል።

ነጥቡ የማይናገረው

ዘዴውን ያደነቅነውን ያህል ልኩንም እንናገር። ነጥቡ አንዱን ቤት ከሌላው ያነጻጽራል እንጂ "ይሄ ቤት ይወድቃል" ብሎ አይምልም። ደግሞም የሚነሳው ከአንድ ግምት ነው፤ "ማዕበሉ ይህን ያህል ሜትር ቢመጣ" ከሚል። ግምቱ ከተሳሳተ በላዩ የተደረደረው ሁሉ ይሳሳታል።

የሚናሚሳንሪኩ ከተማ የአደጋ መከላከያ ሕንጻ ለዚህ ምስክር ነው። ሦስት ወለልና የብረት አጽም ያለው፣ 12 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው ሕንጻ ነው። የ2011ዱ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ለዚያ አውራጃ 6 ሜትር ማዕበል ይመጣል አለ። ለ6 ሜትር 12 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የከተማዋ ሠራተኞች እዚያው ሆነው በድምጽ ማጉያ ሕዝቡን "ወደ ከፍታ ውጡ" እያሉ ቆዩ። የመጣው ግን 15.5 ሜትር ነበር። 43 ሰዎች እዚያ ሞቱ። የብረት አጽሙ እስከ ዛሬ አልወደቀም። ስለ ሕንጻ ጥንካሬ ብቻ የሚጠይቅ ሰው "አለፈ" የሚል ነጥብ ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ሰዎቹን ግን ጥንካሬው አላዳናቸውም። ስለዚህ ቁመትም እንደ ጥንካሬ መጠየቅ አለበት፤ ግምቱም "ከዚህ ቢበልጥስ?" ተብሎ መፈተን አለበት።

ሌላም አለ። የሕንጻ ነጥብ በውስጡ ማን እንዳለ አይቆጥርም። ሌሊት የተኛ ሕጻን፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አዛውንት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ በ1ና በ5 መካከል አይታዩም። ባለ 3 ነጥብ መጋዘንና ባለ 3 ነጥብ የአረጋውያን መኖሪያ እኩል አይደሉም። ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው "ከየት እንጀምር?" የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ነው።

መሳቢያ ውስጥ የተኛ ካርታ

እኛ የምንከራከርበት ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ ሕንጻ ተመዝኖ "ደካማ" ከተባለ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ማን ነው? ቢሮው? ባለሀብቱ? ኢንሹራንሱ? ወይስ ውስጡ የሚያድረው ሰው?

ውጤቱ ይፋ እንዳይሆን የሚፈልጉ ወገኖች ምክንያት አያጡም። "ሕዝቡ ይሸበራል" ይላሉ፣ "የቤት ዋጋ ይወድቃል" ይላሉ፣ "ቱሪስት ይቀራል" ይላሉ። የዋጋው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ለመግዛት ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ሰው ሲከስር አይተን "ደግ ሆነ" አንልም። ግን ዋጋው የሚወርደው ነጥቡ ስለተነገረ ነው ወይስ ቤቱ ቀድሞውኑ ደካማ ስለነበር? ነጥቡን ሲደብቁት ኪሳራው አይጠፋም፤ ምንም ከማያውቀው ቀጣይ ገዢ ወይም ተከራይ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሽብር የሚሉት ደግሞ በእኛ ዓይን የሚመጣው ከአለማወቅ ነው። የኦካዋ ወላጆች ልጆቻቸው የሚማሩበት ሕንጻ ሁለት ወለል ብቻ እንደሆነና ካርታው ሊሳሳት እንደሚችል ቀድመው ተነግሯቸው ቢሆን የሚያጡት እንቅልፍ ነበር፤ ልጅ አልነበረም።

ይፋ ሲሆን ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ዌስትፖርት በምትባል ዝቅ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪዎቹ አደጋውን ስላወቁ በ2013 ድምጽ ሰጥተው ለአዲስ ትምህርት ቤት ግንባታ ገንዘብ ፈቀዱ። ኦኮስታ የተባለው ትምህርት ቤት በ2016 ተከፈተ። ጥልቅ ፓይል አለው፤ ጣሪያው ላይም 1000 ያህል ሰው ሊቆም ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ወደ ላይ ለመሸሽ ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ሕንጻ ነው። ልብ በሉ፣ ያሠራው የነዋሪው ድምጽ ነው። ያልተነገረው ሕዝብ ለዚህ ድምጽ ሊሰጥ አይችልም።

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም በ2016 የሕንጻ ጭነት ደረጃው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሱናሚ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አስገብቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ዋና ትኩረቱ ወደፊት በሚሠሩ ትልልቅና አስፈላጊ ሕንጻዎች ላይ ነው። ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ሰው የሚኖርበትን ተራ ቤት አዲስ ደንብ ብቻውን አይደርስለትም። ለእሱ ያለው መንገድ አንድ በአንድ ማየትና ለባለቤቱ መንገር ነው።

ስለዚህ የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ሱናሚ የሚያሰጋው ዳርቻ ሁሉ ሕንጻዎቹን ይመርምር። ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ይጀምር። "መጠለያ" ተብሎ የተመዘገበ ሕንጻ ለዚያ ስም የሚበቃ መሆኑ በየጊዜው ይፈተሽ። ውጤቱ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይተኛ፤ በሩ ላይ ይለጠፍ።

የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ካለ ይበቃል የሚሉም አሉ። ለሐፉን እውነት ነው፤ 7 ሰዓት ያለው ሰው ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በእግሩም ይተርፋል። አቼ ላይ ግን ማዕበሉ የመጣው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። እዚያ ለአሮጊቷና ለሕጻኑ ያለው ተስፋ ቅርብ ያለው፣ ረጅሙና የማይወድቀው ሕንጻ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን አንድ እርምጃ ብንመለስ አንባቢ አይቀየመንም። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ በጃንዋሪ 2025ም በሬክተር ስኬል 5.8 ገደማ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቋል፦ "ይሄ ሕንጻ ይችላል?" መንቀጥቀጡ ሲቆም ጥያቄውም አብሮ ቆመ። አደጋው ሌላ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጣው ማዕበል አይደለም። ጥያቄው ግን ያው የአራሃማና የኦካዋ ጥያቄ ነው፦ ማን አየው? ምን አገኘ? ለማን ነገረ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ጩኸቱ አሁን ነው። የምትከራዩትን ቤት፣ ልጆቻችሁን የምትልኩበትን ትምህርት ቤት ባለቤት ጠይቁ። "ማን መረመረው?" በሉ። መልስ ካጣ፣ መልስ ማጣቱም አንድ ነጥብ ነው።

ቸር እንሰንብት።